ኩባንያዎቹ ይናገራሉ፤ ድሬስ?

በድሬዳዋ ከዚራ ለነጋዴዎችና ለተማሪዎች የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ ተስተካክሏል።

እንደምን አመሻችሁ። አሰላሙ አለይኩም። ሙቀቱ ገና አልበረደም፤ ስለዚህ ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም።

ዛሬ የማወራው ስለ ሞባይል ኩባንያዎች ነው። ስለ ጥቅል ዋጋ ወይም ትናንት ማታ ስለጠፋው ኔትወርክ ግን አይደለም። እሱን ከእኔ በላይ እናንተ ታውቁታላችሁ። የማወራው ኩባንያዎቹ ለእኛ ሳይሆን ለመንግሥት ስለሚናገሩት ነገር ነው። ማስታወቂያቸውን ሁላችንም እንሰማለን። ለሚኒስትሩ፣ ለፓርላማው፣ ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የሚያቀርቡትን ክርክር ግን የሚሰማው ጥቂት ሰው ነው። ፈረንጆቹ ሎቢ ይሉታል፤ እኛም ቃሉን እንዳለ ወስደነዋል። ማማ የት እንደሚተከል፣ ማን ከማን ጋር እንደሚፎካከር፣ ደንበኛ ምን መብት እንዳለው፣ አብዛኛው የሚወሰነው እዚያ ክርክር ውስጥ ነው።

ጉዳዩ ድሬ ላይ መነሳቱ ደስ ይለኛል። ሁለተኛው ኦፕሬተር፣ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ፣ የሙከራ አገልግሎቱን ነሐሴ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. የጀመረው እዚህ ነው። አዲስ አበባን የደረሳት መስከረም 26 ቀን 2015 ነው። ሐረሮች ደግሞ ሌላ የሚኮሩበት አላቸው። ዳግማዊ ምኒልክ ስልክ ወደ አገር ሲያስገቡ፣ እ.ኤ.አ. በ1894 እንዲዘረጋ ያዘዙት መስመር የሐረርና የአዲስ አበባ ነበር፤ 477 ኪሎ ሜትር። ያኔ ድሬ ገና አልተቆረቆረችም። ባቡሩ እዚህ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው። እና ሐረሮች ፊት ዝም እንላለን።

ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች የውጭ አገር ጉዳይ ሲሆኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የሞባይል ኩባንያዎች ገበያ ላይ ይናከሳሉ። መንግሥት ፊት ሲቀርቡ ግን ብዙ ጊዜ ተያይዘው ነው የሚመጡት። አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያው የንግድ ሞባይል አገልግሎት የተጀመረው በ1983 ነው። በዓመቱ፣ በ1984፣ ኩባንያዎቹ ሲቲአይኤ የሚባለውን ማኅበራቸውን አቋቋሙ። ቢሮው ዋሽንግተን ነው፤ ሕግ የሚወጣበት ከተማ። በዓለም ደረጃ ደግሞ ጂኤስኤምኤ አለ። ዋና መሥሪያ ቤቱ ለንደን ነው። በየዓመቱ ባርሴሎና ላይ የሚደረገውን ትልቁን የሞባይል ኤግዚቢሽን የሚያዘጋጀው እሱ ነው። ሚኒስትሮችና የተቆጣጣሪ ኃላፊዎችም ከየአገሩ እዚያ ይጋበዛሉ።

ጥያቄያቸው በየትም አገር አንድ ዓይነት ነው። ሞገድ በርካሽ፣ ግብር በትንሹ፣ የማማ ፈቃድ በቶሎ፣ ዋጋ ላይ ጣልቃ ገብነት በጭራሽ።

ይህን ስል እየወቀስኳቸው አይደለም። ነጋዴ ጥቅሙን ቢናገር ምን ያስወቅሰዋል? እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያላችሁ ነጋዴዎችም ጉምሩክ ደጃፍ የቆማችሁት ለዚሁ ነው። ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚሉት እውነት ነው። ችግሩ ያ ነው እንጂ። ውሸት ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር።

ሞገዱን እንውሰድ። ስልካችሁ የሚነጋገረው በሬዲዮ ሞገድ ነው። የሬዲዮ ሞገድ የመንግሥት ሀብት ነው፤ ማን በየትኛው ፍሪኩዌንሲ ይጠቀም የሚለውን የሚፈቅደው መንግሥት ነው። ፍሪኩዌንሲ ሁሉ ግን እኩል አይደለም። ዝቅ ያለው፣ ከ700 እስከ 900 ሜጋኸርዝ ያለው፣ ርቆ ይሄዳል፤ ግድግዳም ይሻገራል። ከፍ ያለው፣ እንደ 2600 ወይም 3500 ያለው፣ ብዙ ዳታ ይሸከማል ግን ቶሎ ይደክማል። ከሩቅ ሰፈር ሰርግ ሲኖር የሚሰማችሁ ከበሮው ነው እንጂ ክራሩ አይደለም፤ እንዲያ በሉት። ለከዚራ ከፍተኛው ይመቻል፤ ሰው ብዙ፣ ርቀቱ አጭር። ከድሬ ወጥታችሁ የደንገጎን ዳገት ስትጀምሩ ግን ዝቅተኛው ነው የሚያዋጣው። ገደል ለገደል በከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ልሸፍን ያለ ኩባንያ በየመታጠፊያው ማማ መትከል ሊኖርበት ነው። ስለዚህ አንድ ኩባንያ መንግሥት ደጅ ሄዶ «ዝቅተኛውን ሞገድ ስጡኝ፣ ገጠር የምደርሰው በሱ ነው» ሲል እውነቱን ነው።

ዋጋው ላይ ስንመጣ ግን ነገሩ ይወሳሰባል። አሜሪካ ሞገድን በጨረታ መሸጥ የጀመረችው በ1994 ነው። በ2021 የተዘጋው አንድ ጨረታ ብቻ 81 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አስገኝቷል። መንግሥታት ይህን ሲያዩ ምራቃቸውን ይውጣሉ። ኩባንያዎቹ ደግሞ «ውድ ከገዛን ለማማ የሚተርፈን የለም፤ ውድ እንሸጣለን» ይላሉ። የመጀመሪያው ግማሽ ያሳምነኛል። በጀት በጀት ነው። ሁለተኛው ግማሽ ግን እምብዛም። ማንም ኩባንያ ሞገዱን በነፃ ቢያገኝ ከርኅራኄ የተነሳ ዋጋ አይቀንስም። ዋጋ የሚያስቀንሰው ደንበኛው ወደ ጎረቤት ሊሄድ መቻሉ ነው።

ለዚህ ከደቡብ አፍሪካ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። በ2016 እዚያ ሕዝቡ «ዳታ ይውረድ» ብሎ በማኅበራዊ ሚዲያ ተነሳ። በተከታዩ ዓመት የውድድር ኮሚሽኑ ምርመራ ከፈተ። ኩባንያዎቹ መልሳቸው ዝግጁ ነበር፦ መንግሥት ለዓመታት አዲስ ሞገድ አልሰጠንም፣ ስለዚህ ዳታ ውድ ነው። እውነት ነው፤ መንግሥት አልሰጠም ነበር። ኮሚሽኑ በታኅሣሥ 2019 የመጨረሻ ሪፖርቱን ሲያወጣ ሞገዱ መሰጠት እንዳለበት ተቀበለ። ግን አንድ ሌላ ነገርም አገኘ። ትንንሽ ጥቅል የሚገዛው ድሃ ለአንድ ሜጋባይት የሚከፍለው ትልቅ ጥቅል ከሚገዛው ሀብታም እጅግ ይበልጥ ነበር። ይህ ከሞገድ ጋር ምን ያገናኘዋል? ምንም። ከኩባንያዎቹ አንዱ፣ ቮዳኮም፣ ከኮሚሽኑ ጋር ተስማማና ከሚያዝያ 2020 ጀምሮ የ30 ቀን የአንድ ጊጋ ጥቅልን ከ149 ራንድ ወደ 99 ራንድ አወረደ። ስምምነቱ የተደረሰው በመጋቢት ነው፤ በኮቪድ ምክንያት ጊዜያዊ ሞገድ ከመሰጠቱ በፊት። የሞገዱ ጨረታ የተካሄደው ደግሞ በ2022 ነው።

ገብቷችኋል አይደል? «ያለ ሞገድ አይወርድም» የተባለው ዋጋ ያለ ሞገድ ወረደ። ክርክራቸው ውሸት አልነበረም። ግን እውነቱ የሌላውን ነገር ፊት ጋርዶት ነበር። እኔ የሎቢ ጥበብ የምለው ይህን ነው። ለዚህም ነው ከኩባንያ ጋር የሚከራከር ሰው «ትዋሻላችሁ» ብሎ ባይጀምር የምመርጠው። «ያላችሁት ልክ ነው፤ ያላላችሁትስ?» ቢል ይሻላል።

አሁን ወደ ስልክ ቁጥር ልምጣ፤ ነጋዴን የሚነካው እሱ ነው። እዚህ ድሬ ታይዋን ወይም ቀፊራ ገበያ ሱቅ ያለው ሰው ቁጥሩ በሩ ላይ ተቀብቷል፣ ቢዝነስ ካርዱ ላይ አለ፣ ጅቡቲ ያለ ደንበኛው ስልክ ውስጥ አለ። 09ን ትቶ ወደ 07 ልሂድ ቢል፣ ወይም በተቃራኒው፣ ቁጥሩን ትቶ መሄድ ይከብደዋል። ስለዚህ ሁለት ሲም ይይዛል። ቁጥርን ይዞ ኩባንያ መቀየር የሚባል ነገር አለ። አሜሪካ ውስጥ ኤፍሲሲ የሚባለው ተቆጣጣሪ የሞባይል ኩባንያዎች ይህን እንዲፈቅዱ ያዘዘው በ1996 ነው። መጀመር የነበረበት በ1999 ነው። የተጀመረው በኅዳር 2003 ነው።

በመሃል ምን ሆነ? ሲቲአይኤና ትላልቆቹ ኩባንያዎች ይራዘምልን አሉ፤ ተራዘመ። ደግሞ ይራዘምልን አሉ፤ ደግሞ ተራዘመ። ወጪው ብዙ ነው፣ ገበያው አሁንም ፉክክር አለው፣ ገንዘቡ ለኔትወርክ ቢውል ይሻላል። እነዚህ ሁሉ በየደብዳቤው ተጻፉ። በመጨረሻ ሲቲአይኤና ከትላልቆቹ ኩባንያዎች አንዱ፣ ቬራይዘን፣ ፍርድ ቤት ሄዱ፤ በ2003 ተሸነፉ። ከሁሉም የሚገርመኝ ግን በዚያው ዓመት ቬራይዘን ራሱ ተገልብጦ ደጋፊ መሆኑ ነው። ለምን? ደንበኛ ከሌሎቹ እኔ ጋ ይመጣል እንጂ ከእኔ አይሄድም ብሎ አሰበ። የማኅበሩ አንድ ድምፅ አንድ የሚሆነው የሁሉም ጥቅም አንድ እስከሆነ ድረስ ነው። ጥቅማቸው የት እንደሚለያይ ያወቀ ተቆጣጣሪ ግማሹን ሥራ ጨርሷል።

ስለ ተቆጣጣሪ ካነሳን አይቀር፣ ቶም ዊለር የሚባል ሰው አለ። ከ1992 እስከ 2004 የሲቲአይኤ መሪ ነበር። በ2013 ፕሬዚዳንት ኦባማ የኤፍሲሲ ሊቀ መንበር አደረጉት። ሰው ሁሉ «ቀበሮን የበግ እረኛ» አለ። ሰውየው ግን በ2015 ኩባንያዎች አንዱን ድረ ገጽ እያፈጠኑ ሌላውን እንዳያዘገዩ የሚከለክል ጠንካራ ደንብ አወጣ። የከሰሰው ማን ነው? ከሌሎች ጋር ሆኖ ሲቲአይኤ፤ የድሮ ቤቱ። በ2016 ፍርድ ቤቱ ለዊለር ኮሚሽን ፈረደ። ከዚያ አስተዳደር ተቀየረ፤ በ2017 መጨረሻ አዲሱ ኮሚሽን ደንቡን ሻረው። በተቃራኒው ደግሞ ሜሬዲት ቤከር አለች። የኤፍሲሲ ኮሚሽነር ነበረች፤ ኋላ ሲቲአይኤን መራች። ዛሬ ዳኛ፣ ነገ ጠበቃ። ከዚህ ተነስቶ «ሰው ከየት መጣ» የሚለውን ብቻ ማየት አያዋጣም ባይ ነኝ። ማን ያናግረዋል፣ የተባለው ነገርስ ተጽፎ ይቀመጣል ወይ፣ ሌላው ሰው ማንበብ ይችላል ወይ የሚለው ይበልጥብኛል። አሜሪካ ውስጥ ከኮሚሽነር ጋር ስለ አንድ ደንብ የተወያየ ኩባንያ የንግግሩን ፍሬ ነገር ጽፎ መዝገብ ውስጥ ማስገባት አለበት። ያን ማንም ከፍቶ ያነባል።

ወደ ቤታችን እንግባ። እኛ አገር ታሪኩ ሌላ ነው። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ መንግሥት ባለቤትም፣ ሻጭም፣ ዳኛም ነበር። ሎቢ ለማን ይደረጋል? ራሱ ለራሱ ነው የሚነግረው። የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ሲወጣ ነው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የተቋቋመው። ከዚያ ሁለት ፈቃድ ለጨረታ ቀረበ። ሁለት ተጫራቾች መጡ። በሳፋሪኮም የሚመራው ቡድን 850 ሚሊዮን ዶላር፣ ኤምቲኤን 600 ሚሊዮን ዶላር አቀረቡ። በግንቦት 2013 ዓ.ም. የመጀመሪያው ተቀባይነት አገኘ፤ ሁለተኛው አነሰ ተብሎ ቀረ።

ቡድኑ ውስጥ እነማን እንደነበሩ ተመልከቱ። ቮዳፎንና ቮዳኮም አሉ። የጃፓኑ ሱሚቶሞ አለ። የእንግሊዝ መንግሥት የልማት ገንዘብ ተቋምም አለ። ፈቃዱ በአዲስ አበባ ሲሰጥ የያኔው የኬንያ ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ ተገኝተው ነበር። ዋሽንግተን ላይ ማኅበር የሚሠራውን እኛ ጋ ኤምባሲ፣ አበዳሪና ፕሬዚዳንት ጭምር ይሠሩታል። ክፋት አለው አልልም። ግን ይህ ሁሉ ወንበር ሲደረደር የሸማቹ ወንበር የቱ ጋ ነበር?

የሞባይል ገንዘቡ ጉዳይ ደግሞ አለ። ጨረታው ሲወጣ የውጭ ኩባንያ በሞባይል ገንዘብ ማስተላለፍ ሥራ እንዲገባ አልተፈቀደም ነበር። የመንግሥቱ የኢትዮ ቴሌኮም የሞባይል ገንዘብ፣ ቴሌብር፣ የተጀመረው በዚያው በግንቦት 2013 ነው። በኋላ ሕጉ ተሻሻለ። ሳፋሪኮም 150 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ በግንቦት 2015 ፈቃድ አገኘ፤ የእሱ የሞባይል ገንዘብ፣ ኤምፔሳ፣ በነሐሴ ጀመረ። በመሃል ሁለት ዓመት ከሦስት ወር አለ። አንዳንዱ ሰው ይህን «ለአገር ውስጡ ዕድል መስጠት» ይለዋል፤ ሌላው «አንዱን እግሩን አስሮ ሩጥ ማለት» ይላል። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ፤ ከመጀመሪያው ጋር የሚሄድ ሰው ግን ሞኝ አይደለም። ኬንያ ውስጥ ራሱ ኤምፔሳ በ2007 ከተጀመረ በኋላ የጮኹበት ባንኮቹ ነበሩ። በ2008 መጨረሻ የገንዘብ ሚኒስቴሩ ምርመራ እስከማዘዝ ደርሷል። ሎቢ ያኔ በሳፋሪኮም ላይ ነበር። ትናንት የተጎዳበትን መሣሪያ ነገ ራሱ ሊያነሳው ይችላል፤ ሁሉም ኩባንያ እንዲያ ነው።

አንድ አባት ከፊት ወንበር እጃቸውን አውጥተው የማማው ጨረር ጤና ይጎዳል ወይ ብለው ጠየቁኝ። ቤታቸው አጠገብ ማማ ሊተከል ነው። የማውቀውን ነገርኳቸው። የሞባይል ሞገድ እንደ ራጅ ያለ ጨረር አይደለም፤ በሰውነት ሴል ውስጥ ያለውን ዲኤንኤ የሚሰብር ጉልበት የለውም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2011 «ካንሰር ሊያመጣ ይችል ይሆናል» በሚለው ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። ይህም ማስረጃው ውስን ነው፣ ጥናቱ ይቀጥል ማለት ነው። ከማማው ይልቅ ጆሮ ላይ የሚለጠፈው ስልክ ይበልጥ ለሰውነት ይቀርባል። እስከዚህ ድረስ ሳይንሱ በአመዛኙ ከኩባንያዎቹ ጋር ነው።

ሕጉ ላይ ግን ኩባንያዎቹ አልፈው ሄደዋል እላለሁ። በ1996ቱ የአሜሪካ የቴሌኮም ሕግ መሠረት፣ ማማው የኤፍሲሲን መለኪያ እስካሟላ ድረስ የከተማ አስተዳደር በጨረር ምክንያት ሊከለክለው አይችልም። በርክሌይ የምትባለው ከተማ በ2015 ስልክ ሻጮች ለገዢ አንድ የማሳሰቢያ ወረቀት ይስጡ ብላ ብትደነግግ ሲቲአይኤ ከሰሳት። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ። አንድ ወረቀት! ሰው እንዳይጠይቅ በተከለከለ ቁጥር ጥርጣሬው ይብሳል። እኚህ አባት መብታቸው «አትትከሉ» ማለት ላይሆን ይችላል። «ለኩ፣ ውጤቱን በር ላይ ለጥፉ» ማለት ግን ይችላሉ። መለካት ከባድ ነገር አይደለም።

ሕንድ ውስጥ ተራው ሰው እንዲህ ብሎ ያሸነፈበት ጊዜ አለ። በ2015 ተቆጣጣሪው አንድ የውይይት ሰነድ አወጣ። ለኢንተርኔት መተግበሪያዎች የተለያየ ዋጋ ይጠየቅ ወይ የሚል ነበር። ሰነዱ ረጅም ነው፤ ቋንቋው የባለሙያ ነው። ወጣቶች ወደ ቀላል ቋንቋ መለሱትና ሰው እንዲጽፍ ቀሰቀሱ። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ኢሜይል ገባ። በየካቲት 2016 ተቆጣጣሪው በይዘት ላይ የተመሠረተ የዋጋ ልዩነትን ከለከለ። ፌስቡክም ነፃ ኢንተርኔት ብሎ ያቀረበውን አገልግሎት ከሕንድ አወጣ።

ድሬ ምን ትጠይቅ ብትሉኝ፣ የእኔ መልስ ጅቡቲ ነው። ሾፌሩ ድንበሩ ላይ ያለችውን ደወሌን እስኪያልፍ ስልኩ ይሠራል። ከዚያ ወዲያ ሮሚንግ ነው፣ በሌላ አገር ኔትወርክ መጠቀም ማለት ነው፤ ሰው ሂሳቡን ፈርቶ ያጠፋዋል ወይም የጅቡቲ ሲም ያስገባል። ዕቃው የት ደረሰ የሚለውን ነጋዴው በሰው በሰው ይጠይቃል። በ2014 የኬንያ፣ የኡጋንዳና የሩዋንዳ መንግሥታት አንድ የኔትወርክ ቀጣና እንፍጠር ብለው ተስማሙ፤ ደቡብ ሱዳንም ገባች። ድንበር ተሻግሮ ጥሪ መቀበል ነፃ ሆነ፤ የመደወያው ዋጋም በእጅጉ ወረደ። ኩባንያዎቹ ራሳቸው ተነስተው ያመጡት አይደለም። መንግሥታት ወሰኑ፣ ኩባንያዎች ተከተሉ። ጅቡቲ በኩል ያለው አንድ ኦፕሬተር፣ ጅቡቲ ቴሌኮም፣ ነው። ይህ ድርድሩን ያከብደዋል፤ ተፎካካሪ የሌለው ሻጭ አይቸኩልም። ቢሆንም የአዲስ አበባ ሰው ይህን ጥያቄ አያነሳውም። ስለማይነካው ነው። ካነሳን የምናነሳው እኛ ነን፤ ነጋዴው፣ ትራንስፖርተሩ፣ አስመጪው።

አንድ ወጣት «ማን ይሰማናል? ደብዳቤ ጽፈን ምን ልናመጣ?» አለኝ። ኩባንያዎቹ ለምን የሚጽፉ ይመስልሃል? ጊዜ ተርፏቸው ነው? ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ውስጥ የተቀመጠው ባለሙያ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ነው የሚያነበው። የአንድ ወገን ወረቀት ብቻ ካለ በዚያው ይወስናል። ተንኮል አያስፈልገውም።

ስለዚህ ረቂቅ መመሪያ ለአስተያየት ሲወጣ አንብቡት። ሁሉን አይደለም፤ የሚነካችሁን አንቀጽ። ከዚያ በአንድ ገጽ ጻፉ። «ኔትወርክ ደካማ ነው» የሚል ደብዳቤ ማንም አይሰማውም። የትኛው ሰፈር፣ ስንት ሰዓት፣ ስንት ቀን፣ ምን ሥራ ቆመ፣ የትኛው አንቀጽ እንዴት ቢጻፍ ይሻላል። የነጋዴዎች ማኅበር ካለ በማኅበሩ ስም፣ ከሌለም አሥር ሱቅ ሆናችሁ ፈርሙ። ተማሪዎች ደግሞ ፍጥነት መለካት ትችላላችሁ፤ ከሳቢያን እስከ መጋላ ስልክ ይዞ መዞር ነው፤ ሰንጠረዥ አድርጉና ከደብዳቤው ጋር አያይዙት።

ስትሰጡም ለምታውቁት ሰው እጅ ሰጥታችሁ እንዳትሄዱ። መዝገብ ቤት አስገቡ፣ ገቢ ቁጥር ተቀበሉ፣ ቀሪው ኮፒ ላይ ማኅተም አስመቱ። በሦስተኛው ሳምንት ቁጥሩን ይዛችሁ ደውሉ።